ሙግት፦ ለለመነ ሁሉ እንስጥ ወይስ አጣርተን?

ምጽዋት ከጾምና ከጸሎት ተለይቶ እንደማይታይ ክርስቲያን ሁሉ ያውቃል። አከራካሪው አሰጣጡ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ለዘረጋ ሁሉ እንስጥ ወይስ ችግሩን አጣርተን በማኅበር በኩል እንርዳ? ሁለት ጸሐፊዎች ከአንድ መጽሐፍ ተነሥተው ይሟገታሉ።

የለመነውን መመርመር የእኔ ድርሻ አይደለም

ጌታችን በማቴዎስ 5፥42 ለሚለምነን እንድንሰጥ ሲያዝ ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። በሉቃስ 6፥30 ደግሞ ትእዛዙ ለለመነ ሁሉ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። እኛ ግን ከራሳችን እንጨምርበታለን። ጤነኛ ይመስላል፣ ሊጠጣበት ይችላል፣ ትናንትም እዚሁ ነበር እንላለን። ምክንያቱ በበዛ ቁጥር እጃችን ከኪሳችን ሳይወጣ ይቀራል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንጾኪያ ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር ሲሰብክ፣ ድሃን ለእርዳታ የሚያበቃው ማጣቱ ብቻ እንደሆነ አስተምሯል። የተቀባዩን ኑሮና ጠባይ እየመረመሩ መስጠትን አጥብቆ ነቅፏል። በሉቃስ 16 ያለው ባለጠጋ አልዓዛርን መታው ወይም ከደጁ አባረረው ተብሎ አልተጻፈም። በቁስል የተመታ ሰው በደጁ ተኝቶ ሳለ እርሱ በየቀኑ ይደሰት ነበር። ለፍርድ የበቃውም በዚህ ነው።

በወሩ 12፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ደጁ ላይ ቆም ብሎ ላየ፣ ብር ከሚዘረዝሩት ልጆች ሳንቲም የገዛ ምእመን በተደረደሩት እጆች መካከል ሲያልፍ ይታየዋል። በየመዳፉ አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል፤ ዓይኑ ግን ከመሬት አይነሣም። እንዲህ ያለውን አሰጣጥ አልደግፍም። በሐዋርያት ሥራ 3 ጴጥሮስና ዮሐንስ በመቅደሱ ደጅ ለተቀመጠው ሽባ የሚሰጡት ብርና ወርቅ አልነበራቸውም። ትኩር ብለው አዩት፣ አነጋገሩት፤ ጴጥሮስም ቀኝ እጁን ይዞ አስነሣው። ሳንቲሙን ስንሰጥ ቀና ብለን ማየትና “እማማ፣ እንዴት አደሩ?” ማለትም የምጽዋቱ ክፍል ነው።

ይህን ማንም ድርጅት ሊሠራልኝ አይችልም። በየወሩ በባንክ እየላክሁ በደጅ የተቀመጡትን እናት እንዳላየ ባልፍ፣ በማቴዎስ 25 ተርቤ ነበር የሚለኝን ጌታ “ድርሻዬን ለማኅበሩ ከፍያለሁ” ልለው ነው? ትታለላለህ የሚሉኝ አሉ። ልታለል! አስመስሎ የለመነኝ ሰው ስለ ሐሰቱ ራሱ ይጠየቃል። በእውነት ርቦት ሳለ ስላለፍኩት ሰው ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ፍቅር ነገንም ያስባል

ወንድሜ ዮሐንስ አፈወርቅን ጠቅሰዋል። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስም በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ አባት ነው፤ የሁለቱም ቅዳሴ በቤተ ክርስቲያናችን 14 ቅዳሴያት ውስጥ ይገኛል። ባስልዮስ ሀብቱን ለድሆች ያከፋፈለ፣ ከከተማው ወጣ ብሎም ድሆችና ሕሙማን የሚረዱበት ትልቅ መጠለያ የሠራ ነው። እርሱ ግን በእውነት የቸገረውንና ለትርፍ የሚለምነውን ለመለየት ልምድ እንደሚያስፈልግ፣ ስለዚህም ምጽዋትን የድሆችን ጉዳይ ለያዘ ሰው ማስረከብ እንደሚገባ አስተምሯል። እንዲህ ያለውን አባት ስስት አናገረው የሚል አይገኝም።

የሐዋርያት ሥራ 6ንም እናንብብ። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በዕለት ዕለቱ እርዳታ ተዘነጉ። ሐዋርያት ለዚህ ያበጁት መፍትሔ ሥርዓት ነበር፤ በመልካም የተመሰከረላቸው 7 ሰዎች ተመርጠው ኃላፊነቱን ተረከቡ። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 መበለቶች በመዝገብ እንዲጻፉ፣ ዕድሜያቸውና ኑሯቸው እንዲታይ፣ ዘመድ ያላትን ዘመዷ እንዲረዳት አዟል። ምክንያቱንም ነግሮናል፤ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ረዳት ለሌላቸው እንድትደርስ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 4 ፊታችንን ከችግረኛ እንዳናዞር ካስጠነቀቀ በኋላ፣ በምዕራፍ 12 በጎ ስናደርግ ለማን እንደምናደርግ እንድናውቅ ይመክረናል። ሁለቱም ምክር ይገባናል።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ እኩዮቹ ክፍል ውስጥ ባሉበት ሰዓት፣ 7 ዓመት የሚሆነው ልጅ ደጅ ላይ በእናቱ ጭን ተኝቷል። ሰው ልጁን ሲያይ ይራራል፤ ሳንቲምም ይጥላል። በልጁ መገኘት ገቢው ስለሚጨምር፣ የዛሬው ሳንቲም ልጁን ነገም እዚያው ያውለዋል። እናቲቱን አልወቅስም፤ ሌላ መንገድ አላሳየናትም። የሚያስፈልጋት የቤት ኪራይ፣ ለልጁ ዩኒፎርምና ደብተር፣ ለእርሷም እንጀራ ጋግራ የምትሸጥበት ምጣድና ዱቄት ነው። ይህን አንድ ሰው ከኪሱ ሊችለው ይከብዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። 30 አባላት ያሉት የጽዋ ማኅበር በወር 100 ብር እያዋጣ 3,000 ብር ቢይዝ፣ በየደጁ ሲበተን የማይታየው ገንዘብ አንድ ቤተሰብ ማቋቋም ይጀምራል።

ደጉ ሳምራዊም ቁስሉን አስሮ አልሄደም። ሰውየውን ወደ ማደሪያ ወሰደው፣ 2 ዲናር ከፈለለት፣ ተጨማሪ ወጪ ካለም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

እህቴ፣ ሳምራዊው ማደሪያ ከመፈለጉ በፊት ወርዶ ዘይትና ወይን አፍስሷል፤ የወደቀው ማን እንደሆነም አልጠየቀም። ከእኛ ዘመን ወይዘሮ አበበች ጎበናን ላንሳ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው በረሃብ የተጎዳውን ሕዝብ አዩ፤ 2 ሕፃናት ይዘውም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ኮሚቴ እስኪቋቋም አልጠበቁም። ቤተሰብ ሲቃወማቸው ትዳራቸውንና ቤታቸውን ትተው ወጡ። በስማቸው የተቋቋመው ማኅበር ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ማለፍ የለመደ ልብ ማኅበርም አይመሠርትም።

የሁለተኛዋ ጸሐፊ መልስ

ወንድሜ፣ እኔም ምስክር አድርጌ የምጠራው ወይዘሮ አበበችን ነው። እርሳቸው ለሕፃናቱ ዳቦ ሰጥተው ጉዟቸውን አልቀጠሉም፤ ወስደው አሳደጓቸው። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉም ለብዙ ሕፃናት መጠጊያ የሆነ ማኅበር ትተው ነው። ለተራበ ዳቦ አትስጡ አልልም። የምቃወመው ሳንቲም ጥሎ ግዴታዬን ተወጣሁ ማለትን ነው። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አንዳችን ተነሥተን “በደጃችን ያሉት እናት የት ያድራሉ? ልጃቸውስ ለምን አይማርም?” ብለን እንጠይቅ፤ መልስ እስክናገኝም አንቀመጥ። የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 2 የታረዘውን በባዶ ምርቃት ማሰናበትን ይነቅፋል። ሳንቲም ሰጥቶ ይህን ጥያቄ አለመጠየቅም ከዚያ ብዙ አይርቅም።