የመከላከያ ኃይል ይብዛ ወይስ ይለካ?

ስለ ኮቪድ-19 በተነሣ ቁጥር በመካከላችን አንድ አባባል አይጠፋም፤ «ዋናው የሰውነትን የመከላከያ ኃይል ማጠንከር ነው» የሚል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከአገር ቤት በስልክ የምንሰማው ሁሉ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዳማከሴ ነበር፤ እኛም ከዚህ ሆነን ያንኑ ስንመክር ከረምን። ዝንጅብሉን አንነቅፍም፤ ትኩስ ነገር መጠጣት ክፉ አይደለም። የምንነቅፈው ሐሳቡን ነው።

ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን ያወጣል፤ ይህም ለጎረቤት ሕዋሳት የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። በጽኑ በታመሙ በብዙ ሰዎች ላይ ግን ደወሉ ዘግይቶ ወይም ደክሞ ተገኝቷል። በ2020 በታተመ አንድ ጥናት፣ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ከወደቀ 987 ሕሙማን መካከል 101ዱ የገዛ ራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያመክን ፀረ-አካል በደማቸው ውስጥ ነበራቸው። ደወሉ ሳይሰማ ቫይረሱ ይራባል። ኋላ ደግሞ እንደ ኢንተርሉኪን-6 ያሉት ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች በሕመሙ መጽናት መጠን ይጨምራሉ፤ ሳንባው በጠላቱ ብቻ ሳይሆን በገዛ ዘበኛውም ይጎዳል። እንግዲህ ማነሱም መብዛቱም በአንዱ በሽተኛ ላይ ከታየ፣ የትኛውን ነው «የምናጠነክረው»?

ሪከቨሪ የተባለው የብሪታንያ የሕክምና ሙከራ በ2020 ይህን በግልጽ አሳይቷል። ብግነትን የሚያበርደው ርካሹ ዴክሳሜታሶን የተሰጣቸውና በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የነበሩ ሕሙማን በ28 ቀን ውስጥ 29.3 ከመቶ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው ግን 41.4 ከመቶ ሞተዋል። ኦክሲጅን ላላስፈለጋቸው ጥቅም አልተገኘበትም፤ እንዲያውም ከወሰዱት 17.8፣ ካልወሰዱት 14 ከመቶ ሞተዋል (ይህኛው ልዩነት የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል)። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የተለየው የበሽታው ደረጃ ነው። ስለሆነም ገና ትኩሳት ሲሰማው ከፋርማሲ ገዝቶ የሚውጠው ወገናችን ጉዳይ ሊያሳስበን ይገባል።

ታዲያ ደረጃው በምን ይታወቃል? ኢንተርሉኪን-6ን በቀጥታ መለካት ውድ ነው፤ በዚህ አገር ላቦራቶሪ የለመድነው መሣሪያ በየወረዳው ጤና ጣቢያ አይደርስም። ሆኖም ይኸው ፕሮቲን ጉበትን አዝዞ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለውን ያስወጣል፤ እሱ ደግሞ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ሊለካ ይችላል። ሪከቨሪም ውዱን ቶሲሊዙማብ ሲሞክር ሕሙማኑን የመረጠው ኦክሲጅናቸው መውረዱንና ይህ ፕሮቲን በሊትር 75 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መድረሱን አይቶ ነው። በባክቴሪያም ስለሚጨምር ብቻውን አይበቃም፤ ከኦክሲጅን መለኪያ ጋር ግን ብዙ ይናገራል።

እኛ የምንለው የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስንመርጥ ይህን እናስብ ነው። በ2013 ድሬዳዋ ዴንጊ ገብቶባት ነበር። በዴንጊ አደጋው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ሲበርድና ቤተሰቡ «ተሻለው» ሲል ነው። በዚያች ሰዓት ማን እንደሚጸናበት አስቀድሞ የሚናገር ርካሽ መለኪያ ለድሬዳዋ ሐኪም ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጥበታል።

«ኦክሲጅን በሌለበት መለካት ምን ይፈይዳል?» የሚሉን አባላት አሉ። አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን ያለችው አንዲት ሲሊንደር ለማን ትሰጥ የሚለው ጥያቄም የሚነሣው እዚያው ነው። የጤናና የባዮሎጂ ተማሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባ የጥናት ርዕሳችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ እንጠይቃለን።