በግቢ የሚረቡ እንስሳትና የቤት መድን

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በሚወስደው ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጭሮ፣ በሌላ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ የደረሰ መንገደኛ ከተማና ገጠር በአንድ አጥር ውስጥ ተጎራብተው ሲኖሩ ያያል። በቆርቆሮ ቤት ጓሮ ሰንጋ ታስሮ አገዳ ይበላል፤ ዶሮም በየደጁ ትጭራለች። በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶም ቢሆን ነገሩ ብዙ የተለየ አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን ከደጁ አስሮ በእጁ እየመገበ ማድለቡ የታወቀ ነው፤ የከተማውም ሰው ይህንኑ ልማድ ይዞ ኖሯል።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ዶሮ ማርባት፣ ወተትና ማር ማምረት በየቤተሰቡ እንዲስፋፋ መንግሥት አጥብቆ ይቀሰቅሳል። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን እንስሳቱ ወደ ግቢ ሲገቡ አደጋና ኀላፊነትም አብረው ይገባሉ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም ቤቱን መድን ያስገባ ሰው በዚያው ግቢ እንስሳት ቢያረባ መድኑ ምኑን ይሸፍንለታል የሚል ነው።

ጥያቄው የባለጸጎች ብቻ አይደለም። የደመወዝ ሰው ከባንክ ተበድሮ ቤት ሲሠራ፣ ባንኩ ለመያዣው ሲል ቤቱ የእሳት መድን እንዲገባ መጠየቁ የተለመደ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ዓረቦኑን ይከፍላል፤ ውሉን ግን አያነብም። እንግዲህ ነገሩን በሦስት ከፍለን እንመልከተው።

መጀመሪያው ቤቱ ራሱ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ከእናቷ ክንፍ ሥር ካልሆነች ሙቀት ትሻለች፤ ሙቀቱም የሚገኘው ከአምፖል ወይም ከከሰል ምድጃ ነው። ከበታቹ የሚነጠፈው ጭድ ወይም ሰጋቱራ ነው። አጠገቡ የአገዳ ክምር ቢኖር ደግሞ እሳት የሚፈልገው ሁሉ ተሟልቶ ተቀምጧል ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ የመድን ክፍሉ ዛሬም የሚሠራበት ሲሆን፣ መድን ገቢው አደጋውን ለመገመት የሚያስፈልገውን ሁሉ ለመድን ሰጪው በትክክል እንዲያስታውቅ ያዛል፤ በኋላ አደጋውን የሚያብስ ነገር ቢመጣም እንዲሁ ማስታወቅ አለበት። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል፤ ሳያስብ የተወ ደግሞ ካሣው ሊቀነስበት ይችላል። «መኖሪያ ቤት» ብሎ ፈርሞ ሁለት መቶ ጫጩት በከሰል የሚያሞቅ ሰው እንግዲህ ዓረቦን ከፍሎም ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። «ገመዱን በጥሶ አመለጠኝ» ወይም «እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልጠረጠርሁም» ማለት አያድንም። እርግጥ የቤት እንስሳ ባለቤት ራሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በመልቀቅ ከዕዳው ሊወጣ እንደሚችል ሕጉ ጨምሮ ያመለክታል። ዶሮዋ የጎረቤት ጎመን ብትጨርስ ዶሮዋን መስጠት ቀላል ነው፤ ሰንጋው ግን በገበያ ቀን ሰው ቢወጋ የዓመት ድካም አብሮ ይሄዳል። ተራው የእሳት መድን ይህን ዕዳ አይነካውም፤ የኀላፊነት መድን የሚባለውን ለይቶ መግዛት ያሻል።

ሦስተኛው የእንስሳቱ ሞት ነው። በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ልምድ ያስተምራል። በአሜሪካ የተለመደው የቤት መድን ውል እንስሳትንና አዕዋፍን ከሚሸፈነው የቤት ንብረት ለይቶ ያወጣል፤ ለትርፍ የሚደረገውንም ርባታ እንደ ንግድ ቆጥሮ በቤት መድን ስም ከመሸፈን ይቆጠባል። ዶሮ ሲሞት የቤት መድን አይከፍልም ማለት ነው።

በአገራችን የመድን ሥራ ብዙ ተለዋውጧል። በ1967 ዓ.ም. 13 የግል ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ለግል ባለሀብቶች በሩ ተከፈተ። በ2004 ዓ.ም. የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በቦረና የከብት መድን ጀመረ። ይህ መድን የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት ለክቶ ድርቅ ሲጸና ይከፍላል። ለአርብቶ አደሩ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን ሳተላይቱ የቦረናን ሣር ቢያይ በጭሮ ቆጥ ላይ የገባውን ፈንግል አያይም፤ ከባለቤቱ እጅ የሚበላውንም ሰንጋ ጤና አይለካም።

አንዳንዱ «አፎሻችን ይበቃናል» ይል ይሆናል። አፎሻና እድር አንድ ሰው ሲጎዳ ብዙዎቹ የሚደርሱለት ድንቅ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ፈንግል የአንዱን ቤት ዶሮ ለይቶ አይገድልም፤ ሰፈሩን በሙሉ ይጨርሳል። ሁሉም በአንድ ቀን ሲከስር ማን ለማን ያዋጣል? የሩቁ ከሩቁ ጋር፣ የጭሮው ከሌላው አውራጃ ሰው ጋር አደጋውን መካፈል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ የመድንም ምሥጢሩ ይኸው ነው።

በእኛ አስተያየት ሥራው ከሦስት ነገር ይጀምራል። ባለቤቱ ዶሮዎቹን በጊዜ ያስከትብ፤ የጫጩቱን ቤትና የመኖ ክምሩን ከመኖሪያውና ከማድቤቱ ያርቅ፤ ያለውንም እንስሳ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ያስታውቅ። ጫጩት የሚያድለው መሥሪያ ቤትም ከጫጩቱ ጋር ይህን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጥ ወጪው ጥቂት ነው። ኩባንያዎቹም አርቢዎችን በማኅበር ሰብስበው በአነስተኛ ዓረቦን የሚሸጡት ውል ቢያዘጋጁ ገበያ አያጡም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ዛሬ በየወረዳው ጫጩት የሚያከፋፍለው ወጣት ሹም ነገ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ደጁን ሲጠና ሊያገኘው ይችላል። ያን ጊዜ ከሚያጽናናው ዛሬ ውሉን እንዲያነብ ቢመክረው ይሻላል።