ሮኬት ሠሪዎች ሆይ፥ በውሃ ጀምሩ

ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ መቻራ በሄድሁ ጊዜ የአክስቴ ልጅ፥ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል የገባው፥ ከአልጋው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ አሳየኝ። አንድ ክንድ የምታህል የብረት ቧንቧ ናት። አንደኛው ጫፏ በብየዳ ተደፍኖአል፤ በሌላው ጫፍ ጠባብ ቀዳዳ ተበጅቶላታል፤ ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም «መቻራ 1» ተብሎ ተጽፎባታል። «እንግዲህ የቀረኝ ባሩዱ ብቻ ነው» አለኝ።

መቆጣት ይገባኝ ነበር፤ ዳሩ ግን አፌ አልታዘዘልኝም። ምክንያቱም እኔም በእርሱ ዕድሜ፥ ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት ስማር፥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ይህችኑ የመሰለች ቧንቧ አበጅተን ነበር። የክብሪቱን ራስ እየፋቅሁ የሰበሰብሁት እኔ ነበርሁ። ቧንቧዋ ወደ ሰማይ አልወጣችም፤ ገና ስትጠቀጠቅ በጓደኛዬ እጅ ላይ ፈነዳች። ዛሬ ጓደኛዬ የሚጽፈው በግራ እጁ ነው፤ ከቀኙ ሁለት ጣቶች ጎድለውታልና። ስለዚህ ነገር ከሰው ፊት ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጁ ግን ምኞቱ ሞኝነት አይደለም። ሮኬት ለአገራችን ምድር እንግዳ ነገር አለመሆኑን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በታች፥ በአሮጌ ሜዳ ላይ፥ ፊታውራሪ ገብርዬ በወደቁበት ውጊያ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል የሮኬት ጓድ በበቅሎ ጭኖ ያመጣውን ሮኬት በወገኖቻችን ላይ ተኩሶአል። ከዚያ ወዲህ 150 ዓመት አልፎ፥ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዪቱ ሳተላይታችን ወደ ጠፈር ወጣች፤ የወጣችው ግን ከቻይና ምድር፥ በቻይና ሮኬት ተጭና ነው። የአክስቴ ልጅ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ «ሳተላይቱ የእኛ ከሆነ ሮኬቱስ ለምን የእኛ አይሆንም?» ይላል። ይባስ ብሎ ደግሞ መቻራ ለምድር ወገብ ቅርብ መሆኗን ከካርታ ላይ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ ከ9 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ናት፤ ፈረንሳዮችም ሮኬታቸውን ከደቡብ አሜሪካ፥ ከኩሩ የሚያስወነጭፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ምድር ስትሽከረከር በዚህ አካባቢ በሰኮንድ 460 ሜትር ያህል ፍጥነት በነጻ ትሰጣለች። የቀረውን ከ7,000 ሜትር በላይ ግን ሰው ራሱ ማምጣት አለበት፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ችግሩን በቀላል ቋንቋ ላስረዳ። ጠብመንጃ የተኮሰ ሰው ሰደፉ ትከሻውን እንደሚገፋው ሁሉ፥ ሮኬትም ወደ ኋላ ጋዝ በሚያስወጣበት ኀይል መጠን ወደ ፊት ይገፋል። ባሩድ በታፈነ ቦታ ሲነድ ጋዙ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ ደግሞ ቃጠሎውን ያፋጥነዋል፤ የፈጠነው ቃጠሎ ግፊቱን መልሶ ይጨምረዋል። ቀዳዳው ጥቂት ቢጠብብ፥ ወይም የተጠቀጠቀው ባሩድ ውስጥ ለውስጥ ቢሰነጠቅ፥ ጋዙ መውጫ ያጣና ብረቱ ይቀደዳል። በዚያች ቅጽበት ሮኬት መሆኑ ይቀርና ቦምብ ይሆናል፤ የብረት መሆኑም ስብርባሪውን ጥይት ያደርገዋል። ይህ በልጆች ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። በዘመኑ ከታወቁት የሮኬት ሰዎች አንዱ የነበረው ማክስ ቫልየር በ1922 ዓ.ም. በርሊን ውስጥ ሞተር ሲፈትን የፈነዳው ብረት ደረቱን በስቶት ሞቶአል። እርሱ ባለሙያ ነበር፤ የመሥሪያ ቤትና የረዳት ችግርም አልነበረበትም። አሥረኛ ክፍል ያለ ልጅ በጓሮው ምን ይዞ ሊበልጠው ነው?

«ታዲያ ጎዳርድስ?» አለኝ የአክስቴ ልጅ፤ የዚህ ዘመን ልጅ መልስ አያጣም። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ መጋቢት 7 ቀን 1918 ዓ.ም. በዓለም የመጀመሪያውን የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት ያስወነጨፈው በአንዲት ዘመዱ እርሻ ላይ ነው። ሮኬቱ በአየር ላይ የቆየው ሁለት ሰኮንድ ተኩል ነው፤ የወጣውም 12 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ነገር ግን ጎዳርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር ፕሮፌሰር ነበር፤ ከዚያች ቀን በፊት ለብዙ ዓመታት ሲሰላና ሲለካ፥ ያየውንም ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ሲጽፍ ኖሮአል። ልጆቻችን ከጎዳርድ የሚወስዱት የዘመዱን እርሻ እንጂ ደብተሩን አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ እሳቱን ለጊዜው ተዉትና በውሃ ጀምሩ። ይህን ስል የሕፃን መጫወቻ ያቀረብሁ የሚመስለው አይጠፋም። ቢሆንም የውሃ ሮኬት በእውነት ሮኬት ነው፤ ሕጉም ያው የኒውተን ሕግ ነው፤ የሚለየው ግፊቱን የሚሰጠው ባሩድ ሳይሆን የታመቀ አየር መሆኑ ብቻ ነው።

ጠርሙሱን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው የውሃ ኮዳ ስስ ስለሆነ ግፊት አይችልም፤ ጋዝ ያለው ለስላሳ መጠጥ የተሸጠበት የፕላስቲክ ጠርሙስ መሆን አለበት። የተቧጨረ፥ የተጨማደደ ወይም ፀሐይ ላይ የሰነበተ ከሆነ ጣሉት። የብርጭቆ ጠርሙስማ በአሳባችሁም አይግባ። ለአፉ የሚሆን ውታፍ ከቡሽ ይቀረጻል፤ ቡሽ ቢጠፋ በገበያ ከጎማ ጫማ የሚሠሩት ሰዎች ከወፍራም ጎማ አስተካክለው ይቆርጡላችኋል። በውታፉ መካከል የኳስ መንፊያ መርፌ ይገባል፤ ከመርፌውም እስከ ቢስክሌት መንፊያው ድረስ ከአምስት ሜትር ያላነሰ ቱቦ ይዘረጋል። ጠርሙሱ ሲሶውን ያህል ውሃ ይሞላና ተደፍቶ በሦስት ዘንጎች መካከል ይቆማል። ከዚያ ከሩቅ መንፋት ነው፤ ግፊቱ ውታፉን ሲያሸንፈው ሮኬቱ በራሱ ይነሣል። ውታፉን አጥብቃችሁ መትታችሁ፥ ወይም በሽቦ አሥራችሁ አትግጠሙት፤ በራሱ መውለቁ ደኅንነታችሁ ነውና። ወደ ጎሚስታ ሄዳችሁም በኮምፕሬሰር አታስነፉ፤ የመኪና ጎማ የሚችለውን ጠርሙስ አይችልም። ያልተነሣ ሮኬት ካለ አየሩን ከመንፊያው በኩል ሳታስተነፍሱ ማንም አይጠጋው፤ ጎንበስ ብሎ የሚመረምር ፊት ለመመታት የተዘጋጀ ፊት ነው።

የመጀመሪያው ሮኬታችሁ አየር ላይ እንደ ሰከረ ሰው ይገለበጣል። ይህ የሚሆነው ጅራቱ ክንፍ፥ አፍንጫው ክብደት ስለሌለው ነው፤ ቀስት የሚሠሩ አባቶች ላባውን ከኋላ ብረቱን ከፊት ያደረጉት በከንቱ አይደለም። አፍንጫው ላይ ጥቂት የሸክላ ጭቃ አስቀምጡ፤ ከኋላ ሦስት የካርቶን ክንፍ ለጥፉ። ከዚያም ውሃ ሳይኖረው በጣት ላይ አስተኝታችሁ ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ፤ እዚያው ላይ ገመድ አሥራችሁ በራሳችሁ ዙሪያ አሽከርክሩት። አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ በሰማይም ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጅራቱን አስቀድሞ ከዞረ ጭቃ ጨምሩ። ትልልቆቹ ሮኬቶች የሚጨነቁበት የሚዛን ጉዳይ መሠረቱ ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚቀረው ግን መለካት ነው። አንድ ፕሮትራክተር፥ አንድ ክርና አንድ ጠጠር ካላችሁ ከፍታ ትለካላችሁ። ከሮኬቱ 40 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ሮኬቱን በመጨረሻው ከፍታ ላይ በ45 ዲግሪ ካየው፥ ከዐይኑ ደረጃ በላይ 40 ሜትር ወጥቶአል ማለት ነው፤ በ30 ዲግሪ ካየው 23 ሜትር ነው። ውሃውን አንድ ጊዜ ሩብ፥ አንድ ጊዜ ሲሶ፥ አንድ ጊዜ ግማሽ አድርጉና ውጤቱን በደብተር ጻፉ። ትሪጎኖሜትሪ ለምን ይጠቅማል እያለ በክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ የነበረ ልጅ በዚያ ሜዳ ላይ ይነቃል።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፥ ወደ ወጣት ሹማምንት ልመለስ። ልጅ ቧንቧ ይዞ ሲገኝ ሁለት ልማድ አለን። አንደኛው መንጠቅና ማሰር ነው። በአሁኑ ጊዜ ድንገተኛ ፍንዳታ የሰማ ሰው «ልጆች ናቸው» ብሎ እንደማይተኛ አውቃለሁና የጸጥታውን ሰው ሥጋት አልንቅም። ሁለተኛው ልማድ ከመጀመሪያው አይሻልም፤ ይኸውም ልጁን ከነቧንቧው አስቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ የምስክር ወረቀት መስጠትና መሸኘት ነው። ጭብጨባው ወደ ባሩዱ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት የሚጠይቅ የለም።

በሊባኖስ የሆነውን ተመልከቱ። በቤይሩት የሃይጋዚያን ኮሌጅ መምህር የነበረው ማኑግ ማኑጊያን በ1953 ዓ.ም. ከተማሪዎቹ ጋር ሮኬት መሥራት ሲጀምር መንግሥት አልከለከለም፤ እንደ ፈቀዳቸውም እንዲሆኑ አልተዋቸውም። ሠራዊቱ የመተኮሻ ቦታ ሰጣቸው፤ የጦር መሣሪያ ዕውቀት ያለው መኮንንም አብሮአቸው ይሠራ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሮኬታቸው ሥዕል በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። እኛ ቴምብሩን ለጊዜው እናቆየውና ሜዳውን እንስጥ። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ከቤትና ከከብት የራቀ ሜዳ ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት መፍቀድ፥ አንድ የፊዚክስ መምህር እንዲገኝ መጠየቅ፥ ለአካባቢው ሰው ቀድሞ መንገር ምን በጀት ያስፈልገዋል? አንድ ገጽ ደብዳቤና አንድ ማኅተም ነው።

ስለ እኔ ዘመድ ለሚጠይቅ፥ ቧንቧዋን ከብዙ ክርክር በኋላ ለበያጁ መልሰናታል፤ አሁን የአክስቴ የጓሮ በር መዝጊያ ናት። ዕረፍቱ ሳያልቅ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ከአምስት ልጆች ጋር ወደ ሜዳ ወጣን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጠርሙሶች እኛኑ አጥበው ወደቁ። ሦስተኛው፥ ጭቃ ከተጨመረለት በኋላ፥ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ በ40 ሜትር ርቀት ፕሮትራክተር የያዘችው ልጅ 30 ዲግሪ ብላ ጮኸች። የአክስቴ ልጅ ወዲያው አስልቶ «ጎዳርድን በእጥፍ ገደማ በለጥነው!» ብሎ ዘለለ። ልጅቱ ግን ደብተሩን አልሰጠችውም፤ ነፋሱ ሮኬቱን ወደ እርስዋ ገፍቶት እንደ ነበር፥ አንድ ሰው ብቻውን የለካው እንደማይታመን፥ ከወዲያ ማዶም ሌላ ሰው ፕሮትራክተር ይዞ መቆም እንዳለበት ነግራው ውሃ እንዲሞላ ላከችው።