ካምፒንግ ሂዱ፣ ስትመለሱ ግን ሰውነታችሁን ፈትሹ

በተለይ ሚኒሶታ ያላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

"ድንኳን ውስጥ ማደር የፈረንጅ ነገር ነው" በሚለው አልስማማም። የሚሲሲፒ ወንዝ የሚነሳበት ኢታስካ ከ1891 ጀምሮ ፓርክ ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሲያፈጡበት ከሚውሉት ስልክ ይሻላቸዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ድቡ ሳይሆን መዥገሯ ናት። በሰሜኑ ጫካ ያለችው ባለ ጥቁር እግር መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ገና ያላደገችው ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች፤ ስትነክስም አታምም።

የበሽታው ምልክት ሁሌ "ቀይ ክብ" ተብሎ መነገሩ ግን እኛን ይጎዳናል ባይ ነኝ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ፣ የበለዘ ሊመስል ይችላል። በዚህ የተነሳ በሽታው ሳይታወቅ ሊዘገይ ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ሲዘገይ መገጣጠሚያን፣ ነርቭን፣ ልብንም ሊነካ ይችላል።

ስለዚህ ማታ ማታ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባና የልጆችን ፀጉር ፈትሹ። መዥገር ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉ። በክብሪት ማቃጠል፣ ቫዝሊን መቀባት ይቅር!

ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ እየሰፋ የሚሄድ ምልክት ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ባይጠይቃችሁም "ጫካ አድሬ ነበር" በሉት። እቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ታሳጥራለች።

ካምፒንግ ለሚሄድ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።