ቢራቢሮ መቁጠር ሥራ ነው ወይ?

ባለፈው መስከረም አጋማሽ ላይ ሦስት ሆነን ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ሦስታችንም ዩኒቨርሲቲ የረገጥን፣ ጋዜጣ የምናነብ፣ የአገር ጉዳይ ያሳስበናል የምንል ሰዎች ነን። አንደኛው ወዳጄ ሰሞኑን ማታ ማታ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። እኔም ሳልጠነቀቅ እውነቱን ነገርኩት፤ "በረንዳዬ ላይ ነጭ አንሶላ እሰቅልና አምፖል አብርቼ የሚመጡትን የእሳት እራቶች እቆጥራለሁ። ጠዋት ደግሞ ከቤቴ እስከ ወንዙ ድረስ እየሄድኩ ያየሁትን ቢራቢሮ እመዘግባለሁ።"

ስኒውን አስቀመጠ። "አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?" አለኝ። ቀጠለና "አገር እንዲህ ሆና አንተ ቢራቢሮ ትቆጥራለህ?" ሌላኛው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቄ ንዴት ሆነ። ይህንን የምጽፈውም በዚያው ንዴት ነው። ወዳጄ ሲያነበው እንደማይቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቢቀየመኝም የማኪያቶውን ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ሥራው ይኸውላችሁ። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማለትም ኮሮና ቤት ካዋለን ጊዜ አንስቶ፣ በየዓመቱ ከእንቁጣጣሽ ማግስት እስከ ጥቅምት መግቢያ ደብተር እይዛለሁ። ዝናቡ ለቀቅ ሲያደርግ፣ አደዩ ሲፈነዳ፣ ክረምቱን ሙሉ ቅጠል ሲበላ የከረመው እጭ ክንፍ አውጥቶ ብቅ ይላል። ደብተሬ ላይ የምጽፈው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አየሩን፣ ከዚያም ምን እንዳየሁና ስንት እንደሆነ ነው። ስሙን ካላወቅሁት "ያልታወቀ፣ ቡናማ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል" እላለሁ። ምንም ካልመጣ ዜሮ እጽፋለሁ።

ሰው የማይገባው ይህ ዜሮ ነው። ጎረቤቴ እትዬ አንድ ማታ በአጥር በኩል ሲያዩኝ ቆይተው፣ "ልጄ፣ የመጣውንስ እሺ፤ ያልመጣውን ደግሞ ምን ብለህ ትጽፈዋለህ?" አሉኝ። እትዬ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። "እርስዎስ ለቅሶ የቀረውን ሰው ለምን ይጽፋሉ?" ብላቸው "ለቅጣቱ ነዋ!" ብለው አሳቁኝ። ግን መልሱን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እድር የሚቆመው የቀረውን በመጻፍ ነው። ሦስት ለቅሶ በተከታታይ የቀረ ሰው ታሞ ይሆናል፣ አገር ለቆ ይሆናል፣ ተቀይሞ ይሆናል፤ አንድ ሰው ሄዶ በሩን ያንኳኳል። መዝገቡ ላይ "ቀሪ" የሚል ባይኖር ማን ያንኳኳ ነበር? ስለዚህ እኛ መመዝገብ የማናውቅ ሕዝብ ነን የሚለኝን አልቀበልም። እናውቃለን። ለምን እንደምንመዘግብ የመረጥነው ነገር ነው ጠባብ የሆነው።

እስቲ ቋንቋችንን እዩት። እኔ በማውቀው አማርኛ በሌሊት የምትበረው ነፍሳት ስሟ "የእሳት እራት" ነው። ስሟን ያወጣንላት ስትሞት አይተን ነው፤ መብራቱ ውስጥ ገብታ ስትቃጠል። ከዚያ በፊት የት ነበረች፣ ምን በላች፣ የት እንቁላሏን ጣለች የሚለው ስሙ ውስጥ የለም። የተቀሩት ዘመዶቿ ደግሞ የሚታወቁት በሚበሉብን ነገር ነው፤ ልብሳችንን ሲበሉ ብል፣ እህላችንን ሲበሉ ተምች፣ የበቆሎና የማሽላ አገዳ ሲቦረቡሩ ቆርቁር። በቃ። በሎሚ ዛፌ ላይ መጀመሪያ የወፍ ኩስ የሚመስል፣ ሲያድግ አረንጓዴ የሚሆን፣ ሲነኩት ከራሱ ኋላ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ የሚገማ እጭ አለ። ከእሱ የሚወጣው ጥቁርና ቢጫ፣ የመዳፍ ያህል የሆነ ቢራቢሮ በአፍሪካ ከሰሐራ በታች ያልደረሰበት ቦታ ጥቂት ነው። ሳይንሱ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይለዋል። እኛ ምን እንለዋለን? "ቢራቢሮ"።

ስም ያወጡልን ሌሎች ናቸው። ኦስካር ኖይማን የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ ከአንድ መቶ ሃያ ዓመት በፊት ግድም በአገራችን አልፎ ሲሄድ ቢራቢሮ ሰብስቦ ወሰደ። ዋልተር ሮትሺልድና ካርል ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1905 ስብስቡን መርምረው እንግሊዝ አገር አሳተሙት። የኢትዮጵያን ስም የያዘው ፓፒሊዮ ኤቲዮፕስ የተባለው ቢራቢሮ በሳይንስ መዝገብ የገባው እንዲህ ነው። ይህን ሳነሳ "ዘረፉን!" የሚል ሰው አይጠፋም። ወዳጄ፣ አልዘረፉህም። አንተ ቁጭ ብለህ እሱ ጻፈ፤ ያው ነው።

ቂሜ ከፈረንጅ ጋር ሳይሆን "ድሮ እኮ ቢራቢሮ ነበረ!" ከሚለው ዓይነት ሰው ጋር ነው። ይህ ሰው በየቤቱ አለ፤ የተማረ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። "እኛ ልጆች ሳለን መስከረም ላይ ሜዳው ሁሉ ቢራቢሮ ነበር፤ አሁን የለም" ብሎ በትካዜ ራሱን ይነቀንቃል። "ስንት ነበረ?" ስትለው ይቆጣል። ኀዘኑን የነካህበት ይመስለዋል። ይኸው ሰው ድሮ ሁሉ ነገር ብዙ ነበር ይላል፤ ጤፉም፣ ዝናቡም፣ ፍቅሩም። ልጅ ሳለን ደግሞ ቁመታችን ለሣሩ ቅርብ ነበር፤ ቢራቢሮው የበዛው ለዚያም ሊሆን ይችላል። ማን ያውቃል?

ጀርመን ውስጥ ክሬፌልድ በምትባል ከተማ ይህን ጥያቄ መመለስ ችለዋል። የነፍሳት ፍቅር ያደረባቸው የአካባቢው ሰዎች ማኅበር አላቸው። አብዛኞቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው ተመራማሪዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2016 ድረስ በ63 የተጠበቁ ቦታዎች አንድ ዓይነት ወጥመድ እየተከሉ የገባላቸውን በራሪ ነፍሳት መዘኑ። ውጤቱ በ2017 ሲታተም በ27 ዓመት ውስጥ ክብደቱ ከሦስት አራተኛ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ዓለም ደነገጠ። እነዚያ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤቶቻቸው ምን ብለዋቸው እንደሆነ መገመት አያቅተኝም።

ወዳጄ "አገር እንዲህ ሆና" ሲለኝ መልስ ያጣሁት መልስ ስለሌለኝ አልነበረም፤ አጎቴ ትዝ ብለውኝ ነው። አጎቴ ጅማ አካባቢ በቆሎ ያርሳሉ። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች የተባለው መጣ። ይህ ተባይ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ነበር፤ በ2017 መጀመሪያ ላይ በደቡብ ምዕራብ በኩል እኛ ጋር ደረሰ። በእግሩ አልመጣም። ክንፍ ያለው ወላጁ በሌሊት ነው የሚበረው፤ ነፋስ ከረዳው በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ አንዷ ሴት ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። አጎቴ የበቆሎውን እምብርት ገልጠው ትሉን ሲያገኙ ግማሽ ማሳው ተበልቷል። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ትሉን በእጃቸው እየለቀሙ ሲገድሉ ሰነበቱ።

በዚያው ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ ስናወራ አንድ ነገር አሉኝ። "ከዚያ በፊት እኮ፣ የፀሐይ ኩራዟ ላይ አዲስ ዓይነት የእሳት እራት ይበዛብን ነበር። ግራጫ ነገር። ራታችን ላይ እየወደቀ አስቸገረን።"

"መቼ ነበር?"

"እንጃ፤ በቆሎው ሳይበቅል ይሆን? ወይስ በቅሎ?"

"ለማን ተናገሩ?"

አዩኝ። "ለማን ልናገር? የእሳት እራት በዛብኝ ብዬ የልማት ሠራተኛው ጋ ልሂድ?"

ያ ግራጫ ነገር የተምቹ ወላጅ ይሁን ሌላ፣ ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ አልተጻፈማ። ደብተር የያዘ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በዚያ ቀበሌ ቢኖር ኖሮ ተምቹ አይመጣም ነበር አልልም። አጎቴ ግን የበቆሎውን እምብርት ከሁለት ሳምንት በፊት ገልጠው ያዩ ነበር፤ እንቁላሉና ገና የተፈለፈለው ትል በጣት ሊፈገፈግ በሚችልበት ጊዜ። ይህንን ነው "ሥራ ፈትነት" የምትሉኝ። ለፍትሕ ያህል፣ የነባሩን ተምች ወላጅ በሽታ እየጠሩ የሚያጠምዱ ወጥመዶች በአገራችንም በምሥራቅ አፍሪካም ለትንበያ ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ የነፍሳት ባለሙያዎች የሉንም ብዬ አላማም። አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ውስጥም የእንስሳት ሙዚየም አለ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ግን ባለሙያ በየበረንዳው አይቀመጥም። በየበረንዳው የምንቀመጠው እኛ ነን።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። በመስከረም ከማያቸው ቢራቢሮዎች አንዷ ብርቱካናማ ናት፤ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ቫኔሳ ካርዱዪ ትባላለች። አውሮፓም አለች። እንግሊዞች በጋ ላይ በብዛት ያዩዋትና መኸር ሲገባ ትጠፋባቸዋለች፤ በብርድ አልቃ ትቀራለች የሚሉ ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ተራው ሰው ከየጓሮው የመዘገበው ከራዳር ጋር ሲገናዘብ ሌላ ታሪክ ወጣ። በዚያ ፀደይ ወደ 11 ሚሊዮን ገደማ ወደ ብሪታንያ ገብተው፣ ልጆቻቸው በመኸር ወደ 26 ሚሊዮን ሆነው ወደ ደቡብ ወጥተዋል፤ በአማካይ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚበሩ የሰው ዓይን አያያቸውም ነበር። ታዲያ የት ይሄዳሉ? ይህን ለማወቅ ከባርሴሎና የተነሡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 መኸር ቻድን፣ ቤኒንን፣ ቡርኪና ፋሶንና ኢትዮጵያን አሰሱ። አገኟት። ሰሐራን ተሻግራ፣ ዝናብ ያበቀለው ለምለም ላይ ደርሳ ስትራባ።

እዚህ! እኛ መስከረምን በአደይ አበባና በመስቀል ወፍ ስንቀበል ያቺ እንግዳ በአጠገባችን ታልፋለች። በአንዱ አገር የመጥፋቷ ጥያቄ ሲያከራክር፣ በሌላው አገር የመምጣቷ መልስ በየአጥሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። በመስከረም የመጀመሪያዋን ያየንበትን ቀን የጻፈ አንድ መምህር፣ አንድ ዲያቆን፣ አንድ ጥበቃ ለአርባ ዓመት ቢኖረን ኖሮ፣ ፈረንጆቹ ደጃችን ድረስ ሲመጡ ደብተር እንሰጣቸው ነበር። የሰጠናቸው ቪዛ ነው።

የእኔ ደብተር ጉድለቱ ብዙ ነው። የሌሊቶቹን አብዛኞቹን በስማቸው አላውቃቸውም። በ2014 ዓ.ም. መብራት እየጠፋ ስድስት ማታ ባዶ አለፈ፤ ያ ዜሮ ሳይሆን "አላየሁም" ነው፤ ልዩነቱን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። ከቤቴ በታች ያለው አደይ የሚበቅልበት ዳገት ታጭዶ ከአንድ ዓይነት የተነጠፈ ሣር ጋር ኃይለኛ መብራት ተተክሎበታል። ምሽት ላይ ያምራል፤ ሰውም ይናፈስበታል። በመብራቱ ሥር ጠዋት ጠዋት የሚጠረገውን የእሳት እራት ሬሳ ሳይ ግን ሰፈሬ ውስጥ አለቀ ልበል ወይስ ከእኔ አንሶላ ይልቅ ያኛውን መብራት መረጠ? ቁጥሬ ቀንሷል። ለምን እንደቀነሰ በእነዚህ ጥቂት ዓመታት መናገር አልችልም፤ ልናገር ብል ያንን "ድሮ እኮ" ባይ ሰውዬ መሆኔ ነው። ሣሩ ከመነጠፉ በፊት ሌላ ሁለት ሰው ከሌላ ሁለት በረንዳ ቢቆጥር ኖሮ ግን ሦስታችን ተቀምጠን እንነጋገር ነበር።

ደግሞም "አገር እንዲህ ሆና" የሚለው ነገር። አገር መቼ ነው እንዲህ ያልሆነችው? ደብተሬን በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ጦርነት ተነሣ። በዚያ ጊዜ ስንት ወጣት "የእሳት እራት ሆነ" ሲባል ሰማን። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር አንሶላዬ ላይ የሚያርፉት ትዝ ይሉኛል፤ እነሱን እንኳ ስንት እንደሆኑ ጽፌያለሁ።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል ያ ወዳጄ ደወለ። "ስማ፣ ትናንት ማታ ሳሎኔ ውስጥ የወፍ ጫጩት የሚያክል የእሳት እራት ገብቶ ልጆቹን አስለቀሰብኝ። ምንድን ነው እሱ?"

"ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?"

"እኔንጃ፣ ግራጫ ነገር።"

"ስንት ሰዓት ላይ ገባ?"

"ማታ ነዋ!"

"ከዚያስ የት ሄደ?"

ጥቂት ዝም አለ። "በነጠላ ጫማ መታሁት" አለኝ።

እንዳትጥለው ብዬው ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።