ሰርተፊኬት ሸሃዳ ነው


ዐረብኛ የቀራ ያውቀዋል፤ «ሸሃዳ» ምስክርነት ነው። ተምረን ስንጨርስ የምንቀበለው ወረቀትም ሸሃዳ ይባላል። ወረቀቱ «ይህ ሰው ይህን ሥራ ይችላል» ብሎ ይመሰክራልና። እኛ የአልዱባና የጂንካ ወጣቶች ታዲያ ሲቪያችን ላይ የምንደረድራቸው ሸሃዳዎች የሚመሰክሩት እውነት ነው ወይስ ሐሰት?

በቴሌግራም የአይቲ ፈተና ጥያቄ ከነመልሱ ይሸጣል፤ «ዳምፕ» ይሉታል። ሸምድደህ ታልፍና «ሰርቨር አድሚን ነኝ» ትላለህ። «ሁሉም ያደርገዋል» ይሉናል። አዎ፣ ከእኛም ውስጥ ያደረገው አለ። ተቀጠረም። አንድ ጠዋት የሰርቨሩ ዲስክ በሎግ ሞልቶ ሥራ ቆመ። ዲስኩን የሞላው የትኛው ፋይል እንደሆነ መፈለግ እንኳ አልቻለም። ባክአፑም ለወራት ሳይሠራ ከርሞ ነበር። ባለጉዳዩ በር ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ ወረቀቱ አንድም ነገር አልፈየደለትም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታላላቅ ወንጀሎችን ሲዘረዝሩ፣ ተደግፈው ከነበሩበት ቀና ብለው የተቀመጡት የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ነው። በተሸመደደ ሸሃዳ የሚገኝ ደመወዝ ሐላል ነው የሚል ካለ ይህን ያስብ።

ማክሰኞ አልዱባ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው ሳይቀምስ አይከፍልም። ፈተናም እንዲሁ የሚቀምስህ ይሁን። የሬድ ሃት «አርኤችሲኤስኤ» ፈተና ምርጫ የለውም፤ እውነተኛ ማሽን ፊት ያስቀምጥሃል። ዲስክ ክፈል፣ ተጠቃሚ ፍጠር፣ ፓስወርዱ የጠፋን ሲስተም ክፈት ይልሃል። ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳል፤ ከተነሳ በኋላ ያልጸና ሥራ ነጥብ የለውም። «ኤልፒአይሲ 1» ባለ ሁለት ፈተና ነው፤ በአብዛኛው ምርጫ ስለሆነ ለሸምዳጅ በር ይከፍታል፤ በሐቅ ለተማረው ግን ጥሩ መሠረት ነው።

«ብዙ ሰርተፊኬት ይሻላል» የሚሉም አሉ። ማይክሮሶፍት ስንቱ የደከመበትን «ኤምሲኤስኢ» እ.ኤ.አ. በጥር 2021 አቁሞታል። የሬድ ሃቱም የሲስኮው «ሲሲኤንኤ»ም ዕድሜያቸው ሦስት ዓመት ነው፤ የኤልፒአይሲ አምስት። ወረቀት ጊዜው ያልፍበታል፤ የለመደ እጅ ግን አብሮህ ይኖራል። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነፃ ኮርስም ጥሩ ነው፣ ተማሩት፤ ነገር ግን ትኩረቱ ፕሮግራሚንግና ዳታ ነው፣ ሰርቨር ማስተዳደር ሌላ ሙያ ነው።

«ገንዘብ የለንም፣ መብራትም ይጠፋል» የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው። ፈተናው በዶላር ይከፈላል። ልምምዱ ግን በነፃ ነው። ሮኪ ሊኑክስ ወይም አልማ ሊኑክስ አንዴ ካወረድን ኢንተርኔት ሳያስፈልግ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ መመሪያውም ውስጡ አለ። ሁለት ቨርቹዋል ማሽን እንፍጠር፤ ሆን ብለን እናበላሽ፣ እንጠግን፤ ባክአፕ ወስደን፣ ሁሉን አጥፍተን፣ መልሰን እናምጣ። በሃርድዌርና ኔትወርክ ደረጃ 4 ሲኦሲ ያለፍን ደግሞ መነሻው በእጃችን ነው። ለዶላሩ ፈተና የምንከፍለው ይህን ሁሉ ማንንም ሳንጠይቅ ስንሠራ ነው፤ ያውም ለአንድ ፈተና ብቻ።

ይህን ያህል የምንከራከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወለድ ነፃ ባንክ ስንመኝ ኖረን ዘምዘምና ሂጅራ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመሩ፤ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ የእናቶቻችን ቁጠባ በየትኛውም ባንክ ቢሆን ያለው ሰርቨር ውስጥ ነው። የሆስፒታል ካርድም፣ የተማሪ ውጤትም እንዲሁ። ያንን የሚጠብቅ ሰው አማና ተሸክሟል። በዳምፕ የገባ ልጅ እጅ ላይ እንዲወድቅ እንፈልጋለን?

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ የዳምፕ ግሩፖችን ዛሬ ልቀቁ። ከዒሻ በኋላ ሦስት አራት ሆናችሁ በአንድ ላፕቶፕ ተቀመጡ፤ የሚያውቅ ለማያውቀው ያሳይ። ወረቀቱ ኢንሻአላህ ይደርሳል። ሲደርስም እውነት ይመስክር።

አላህ በሐላል ሪዝቅ ያብቃቃን፤ አማናችንንም የምንጠብቅ ያድርገን። ኣሚን።