ውሻውንስ አሰርነው፤ ማሰሪያውን ማን ያየዋል?

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ስለሚበላበት ተረት አለን። ስለሚታሰርበት ግን ወሬም የለን! ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ሊያስቅ ይችላል፦ የውሻ የአንገት ቀበቶ። «አገሩ ስንት ጉዳይ እያለበት...» የምትሉን እንዳላችሁ እናውቃለን። ግዴለም፣ ትንሽ ታገሡን።

ነገሩ የጀመረው አኖ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ስትሄዱ ባኮን አልፋችሁ ሲሬ ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። ክረምት ላይ ዘመድ ልንጠይቅ ሄደን አንድ ግቢ አረፍን። የግቢው ውሻ ቦቢ ይባላል። ሲቀርቡት ይሸታል። «ውሻ አይደል፣ ይሸታል» ብለን አለፍነው። በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ አንገቱን ሊያክለት እጁን ሲሰድ ቦቢ ጮኾ ዘለለ። ፀጉሩን ገለጥ አድርገን ስናይ የቆዳ ቀበቶው ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ቡችላ ሳለ የታሰረለት ነው። አንገቱ አደገ፣ ቀበቶው አላደገም። ዝናብ እያራሰው፣ ፀሐይ እያደረቀው ጠርዙ እንደ ቢላ ሆኗል።

አባወራው ደነገጡ። «እኔ እኮ በየቀኑ አበላዋለሁ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያበሉታል። ቀበቶውን ግን ካሰሩት ቀን ወዲህ አላዩትም።

በእሳቸው አንፈርድም። እኛስ? ሦስት ቀን ሙሉ ሽታውን በውሻነቱ አላሳበብንም?

የእኛ አቋም ይኸው ነው፦ ውሻ ማሰር አንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ያሰረ ሰው ማሰሪያውን የማየት ዕዳ አለበት። በተለይ ወለጋ ውስጥ!

ለምን ወለጋ ቢባል፣ በዝናቡ ምክንያት። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ቆዳ ደግሞ ልስላሴው ያለው በውስጡ ባለው ቅባት ነው። ሲርስና ሲደርቅ፣ ሲርስና ሲደርቅ ቅባቱን ያጣል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሆኖ ከቆየም ይሻግታል። በዚያ ላይ የውሻው ወዝና ጭቃ ይጨመርበታል። አገልግልና ስልቻ፣ ጠፍርና ጀንዲ የያዙ አያቶቻችን ቆዳ ካልታሸና ካልተቀባ እንደሚሰበር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ምን ነካን?

ሥራው ቀላል ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ በክረምት በየሳምንቱ፣ ቀበቶውን አውልቁት። ጭቃውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ጨርቅ በውኃ አርሳችሁ በደንብ ጨምቁ፤ ትንሽ የገላ ሳሙና አስነክታችሁ ውስጡንም ውጭውንም ጥረጉት። ውስጡን አትርሱ፣ አንገት የሚነካው እሱ ነው። ከዚያ ሳሙና እንዳይቀርበት በሌላ እርጥብ ጨርቅ አጽዱት። ባልዲ ውስጥ አትዘፍዝፉት። ሻጋታ ካለው ከቤት ውጭ ጥረጉትና አቼቶና ውኃ እኩል ቀላቅላችሁ በጨርቅ አሹት።

ማድረቂያው ጥላ ነው። ምድጃ ዳር የሰቀላችሁት እርጥብ ቆዳ ይኮማተራል፤ ጠዋት የምታገኙት እንደ እንጨት ደርቆ ነው። ሲደርቅ ለቆዳ የተሠራ ቅባት ካገኛችሁ እሰየው፤ ካጣችሁ ጥቂት ቫዝሊን በጣት እያሻችሁ ቀቡትና ትርፉን ጥረጉ። ቅቤ ግን ይቅር! ይበላሻል፣ ዝንብና ጉንዳን ይጠራል፣ ውሻውም ቀበቶውን ማኘክ ይጀምራል። የተወቀጠ ጉሎም አትቀቡ፤ ፍሬው መርዝ ነው፣ ውሻ ደግሞ የሚልስ ፍጥረት ነው። በረኪናና ላምባ ከቆዳው አልፈው አንገቱን ያቃጥላሉ። የጫማ ቀለምም ለጫማ ነው።

መልሳችሁ ስታስሩት ሁለት ጣት በቀበቶውና በአንገቱ መካከል ይግባ። ካልገባ ጠብቋል። ለቡችላ ይህን በየሳምንቱ መለካት ነው። ዘለበቱ ከዛገ፣ ስፌቱ ከተተረተረ ወደ ጫማ ሰፊ ውሰዱት።

«ለውሻ ይህ ሁሉ?» ካላችሁ፣ የሰውን ነገር እናንሣ። የበሰበሰ ቀበቶ የሚበጠሰው ሌሊት፣ ውሻው በጅብ ድምፅ ሲዘል ነው። ቀበቶ የሌለው ውሻ መንገድ ላይ ባለቤት እንዳለው በምን ይታወቃል? ከተሞቻችን ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ ሲያስወግዱ የኖሩ ናቸው፤ መርዝ ደግሞ የማንን ውሻ እንደገደለ አይጠይቅም። ያመለጠው ውሻ ክትባት ካልወሰደ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ ለሰው የሚተላለፈውም ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቀበቶው ሲፈተሽ «ክትባቱስ መቼ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። ሁለቱ ዕዳዎች አይነጣጠሉም።

ወደ ቦቢ እንመለስ። ቀበቶውን ራሳችን እንቁረጥ ያልንም ነበርን። አባወራው እምቢ ብለው የእንስሳት ሐኪም ጠሩ፤ ትክክል ነበሩ። ሐኪሙ አደንዝዞ ቆረጠው፣ ቁስሉን አጠበ፣ መድኃኒት ሰጠ። ቁስሉ እስኪድን ቦቢ ያለ ማሰሪያ ግቢ ተዘግቶበት ከረመ። ሌባም አልመጣም!

በኋላ ስልክ ስንደውል አባወራው አዲስ ቀበቶ እንዳሰሩለት ነገሩን። «እሑድ እሑድ ጫማዬን ስጠርግ የሱንም እጠርጋለሁ» አሉን።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ የታሰረ ውሻ ካለ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ውጡና ሁለት ጣታችሁን ቀበቶው ሥር አስገቡ። ከገባ እሰየው። ካልገባ ነገ አትበሉ።